የፀጉር ሠሪዋ ግራ እጅ

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። በሩን ለመክፈት መጀመሪያ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ወደ ግድግዳው ጠጋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሁለት ደንበኞች አንድ ላይ ከመጡም አንዷ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነው ተራዋን የምትጠብቀው። ያም ሆኖ ሰው አይጠፋበትም። ምክንያቱ ፀጉር ሠሪዋ ናት። እጇ ቀላል ነው። ስታበጥር አታሳምም፣ ስትቆርጥ አትስትም፣ መቀስ ሲያይ የሚጮህ ሕፃን እንኳ እሷ እጅ ላይ ሲሆን ዝም ይላል። ሴቶቹ «አንቺ ጋ ስመጣ ጭንቅላቴን ሰጥቼሽ እንቅልፌን እለጥጣለሁ» ይሏታል፤ እውነትም ካስክ ውስጥ ሆነው የሚያንኮራፉ አሉ።

ከእሷ ጋር አንዲት ጉንጉን ሠሪ ትሠራለች። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ቢኖርም ሰፈሩ የሚያውቃት «ሬዲዮ» በሚለው ነው። ጧት በሩ ሲከፈት ትጀምራለች፣ ማታ ሲዘጋ ታቆማለች፤ መሀል ላይ ለማስታወቂያ እንኳ አታቋርጥም።

አዲስ ደንበኛ እዚያ ቤት ስትገባ የሚያስገርማት የሬዲዮ ወሬ ሳይሆን ወንበሩ ነው። የደንበኛ ወንበር ሌላ ቤት ከፍ ይላል፤ የእነሱ ግን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ባንክ ቤት የምትሠራ አንዲት ረጅም ሴት መጀመሪያ ቀን ስትቀመጥበት ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

«ይሄን ወንበር ለማን ነው ያሠራችሁት? ለአሻንጉሊት?» አለች።

«እቴ፣ እዚህ ቤት ማንም ከማንም አይበልጥም» አለቻት ሬዲዮ፣ የያዘችውን ጉንጉን ሳትለቅ። «ውጭ ሥራ አስኪያጅ ሁኚ፣ እዚህ ግን ወለል ላይ ነሽ።»

ወንበሩን እንዲህ ያደረገው የፀጉር ሠሪዋ ባል ነው። አናጢ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ ሰው። ነገሩ የጀመረው ሴት ልጃቸው ከተወለደች በኋላ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ፎን ስትሠራ ብሩሹን በግራዋ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ማድረቂያውን በቀኟ። ግራዋ ቶሎ ቶሎ ይዝልባት ጀመር። መጀመሪያ ይከብዳታል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ ኋላ ብሩሹ ከእጇ ወጥቶ የደንበኛዋ ጭን ላይ ዱብ ይላል። ልጅ ስለምሸከምበት ነው ብላ ተወችው። ለባሏ ስትነግረው እሱ እንደ አናጢ አሰበ።

«ከፍታው ነው ችግሩ» አላት። «እጅሽን ብዙ እያነሳሽ ነው።»

በማግስቱ መጋዙን ይዞ መጣና ከወንበሩ እግሮች ትንሽ ትንሽ ቆረጠ። ተሻላት። ከጊዜ በኋላ ደግሞ መዛል ሲጀምራት እንደገና ቆረጠላት። እግሮቹ እንደሚቀረጽ እርሳስ እያጠሩ እያጠሩ ሄዱ፤ በመጨረሻ ክንዷ ከትከሻዋ በታች ሆኖ መሥራት ቻለች፣ መዛሉም ጠፋ። አብቅቷል ብለው ሁለቱም ተደሰቱ። ያጣችው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ፀጉር ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ተጠቅልሎ፣ በፀጉር መርፌ ተይዞ አናት ላይ የሚሠራውን። ሁለት እጅ ወደ ላይ ካልተነሳ እሱ አይሠራም። ሙሽሮችና ሚዜዎች ሲመጡ «ለጊዜው አልሠራም» እያለች ትመልሳቸዋለች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሥራ ግን እሱ ነበር፤ ሰው ጭንቅላት ላይ ቤት እንደ መሥራት ይሆንላታል።

በሽታው የታወቀው በሌላ ሰበብ ነው። ትኩሳት እየመጣ እየሄደ አስቸገራት፣ ልብሷም እየሰፋባት መጣ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ ግፊቷን ልትለካ ግራ ክንዷን አሰረችና ማሽኑ ምንም አልቆጥር አለ። ሌላ ማሽን አመጣች፤ እሱም ዝም። ጣቶቿን አንጓዋ ላይ አድርጋ ትርታ ፈለገች፣ አጣች። ቀኝ ክንዷ ላይ ሲታሰር ማሽኑ ወዲያው ቆጠረ።

«ማሽኑስ ደህና ነው» አለች ነርሷ። «እጅሽ ነው የማይናገረው። ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ።»

ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለቻት ወጣት ሐኪም ናት፤ ሥራዋ መገጣጠሚያና እንዲህ ያለውን ራሱን በራሱ የሚያጠቃ በሽታ ማከም ነው። ፀጉሯን በላስቲክ ጭምድድ አድርጋ ያሰረች፣ ከላስቲኩ ያመለጠው ግማሹ ትከሻዋ ላይ የተበተነ። ፀጉር ሠሪዋ የሚነገራትን ከመስማቷ በፊት ጣቶቿ ወደዚያ ፀጉር ሊሄዱባት ነበር።

«ከልብሽ የሚነሱት ትልልቆቹ ደም ሥሮች ተቆጥተዋል» አለቻት ሐኪሟ። «ቁስል ሲቆጣ አላየሽም? ያብጣል፣ ይወፍራል። የደም ሥርሽ ግድግዳም እንደዚያ ወፍሮ መሀሉ ጠበበ። ወደ ግራ እጅሽ የሚሄደው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።»

«ምን አስቆጣው?»

«በውል የሚታወቅ ነገር የለም። የሰውነትሽ ዘበኛ የገዛ ቤቱን ሰው ሌባ ነው ብሎ መደብደብ ጀምሯል በዪው። ብዙ ጊዜ ወጣት ሴቶችን ነው የሚይዘው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ይዛ ወጣች። ልጅ በመሸከሟ ወይም ብዙ በመሥራቷ የመጣ መስሏት ስትወቅስ የኖረችው ራሷን ነበር።

ደም ሥሩን ከመክፈት በፊት ቁጣው መብረድ አለበት ተባለች። በተቆጣ ደም ሥር ላይ ሥራ ከተሠራ ቶሎ ተመልሶ ይጠባል። ስለዚህ ኪኒን ጀመረች፤ ደሟም በየጊዜው ይመረመር ነበር። ኪኒኑ ትኩሳቷን አጠፋው፣ የምግብ ፍላጎቷን መለሰላት፣ ፊቷን ግን እንደ ጨረቃ ሞላው። ደንበኞቿ ምንም አያውቁምና «ተመችቶሻል» ይሏታል።

«ባሏ ምን እንደሚያበላት ለእኛም ይንገረን» ትላለች ሬዲዮ፣ ሁሉን እያወቀች። ፀጉር ሠሪዋ ትስቃለች። ኪኒኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠችም፤ ፊት ነገ ይመለሳል፣ እጅ ካልተያዘ አይመለስም አለች ለራሷ።

የደም ምርመራው ቁጣው በርዷል ሲል ወጣቷ ሐኪም ወደ ደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ ላከቻት። ራሳቸው ላይ አንድ ፀጉር የሌላቸው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የተነሳችውን የደም ሥር ሥዕሎች በመብራቱ ላይ ሰቅለው አዩና ዞር አሉ።

«እህቴ፣ ሥራሽን ትሠሪያለሽ?»

«እሠራለሁ፣ ዶክተር።»

«ስትሠሪ እጅሽ ይዝላል?»

«ኧረ አይዝልም። አሁንማ ደህና ነኝ።»

አልዋሸችም። እውነትም አይዝልም። ደግሞም እሷ ሐኪም ይጠይቃት ጎረቤት ደህና ነኝ ማለት የለመደች ሰው ናት።

«ጥሩ ነው» አሉ ሐኪሙ። «ዋናው መንገድ ቢጠብም ደሙ በትንንሾቹ ደም ሥሮች ዞሮ እየደረሰልሽ ነው። ሥራሽን ካላስቸገረሽ ምን አስነካን? ኪኒንሽን ውሰጂ፣ እየመጣሽ ታዪ።»

አመስግና ወጣች። መቀደድ ቀረልኝ ብላ ደስ አላት፤ ኮሪደሩን ሳታጋምስ ግን ደስታው ጎደለባት። ባሏ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የአግዳሚውን እግር እያነቃነቀ ይፈትሽ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«አንነካውም አሉ። ስሠራ ካልዛለኝ አያስፈልግም።»

«አይዝለኝም አልሻቸው?»

«አይዝለኝም እኮ።»

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አነሳና መልሶ ሰካው። «እኔ እነዚያን እግሮች ለምን ነው የቆረጥኳቸው ታዲያ?» አላት።

ፀጉር ሠሪዋ ባለችበት ቆመች። ከወንበሩ ጋር እንዲህ ተላምዳ ስለነበር ወንበሩ ዝቅ ያለው ለእጇ ተብሎ መሆኑ ከአእምሮዋ ወጥቷል። እጇ የማይዝለው ስለማታነሳው ነው። የማታነሳው ደግሞ ስለሚዝል ነው። ይህን ለሐኪሙ አልነገረችም፤ እሳቸውም ፀጉር ቤቷ ገብተው ስለማያውቁ ሊጠይቋት አይችሉም ነበር።

«ተመለሺ» አላት ባሏ።

«ሌላ ሰው ገብቷል። ምን ይሉኛል? አሁን ደህና ነኝ ብዬ ወጥቼ።»

«ምን ይሉሻል? እብድ ቢሉሽ ነው። ነይ።»

ሌላው ታካሚ ሲወጣ ሁለቱም አንኳኩተው ገቡ። ዝምተኛው አናጢ በዕድሜው ያላወራውን ያህል አወራ። ወንበሩን፣ መጋዙን፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ የሚደርሰውን የባንክ ሠራተኛ ሳይቀር ነገራቸው። ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው አደመጡት።

«አሁን ወንበሩ ምን ያህል ቀርቶታል፣ ወንድሜ?»

«አንዴ ከቆረጥኩት ምንጣፍ ይሆናል፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ሳቁ። ከዚያም ፀጉር ሠሪዋን አስነስተው ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ እንድትዘረጋ፣ መዳፏንም ጨበጥ ፈታ እንድታደርግ ነገሯት። ቀኟ ሠራ። ግራዋ ትንሽ እንደ ሠራ መዳፉ ነጣ፣ ጣቶቹ ቀዘቀዙ፣ ክንዷ ቁልቁል መጣ። ይዛ ለማቆየት ታገለች፤ አልሆነም። እንባዋ ሊመጣ ነበርና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ተቀመጪ፣ እህቴ» አሉ ሐኪሙ። «የቅድሙን ትተን አሁን እንደ አዲስ እንጀምር።»

የልብ ማዳመጫቸውን ጎማ አንስተው መሀሉን በጣታቸው ጭብጥ አደረጉት። «የጠበበው እንዲህ ነው። ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው በቀጭን ቱቦ በእጅሽ አንጓ ወይም በብሽሽትሽ ገብተን፣ የጠበበው ቦታ ስንደርስ ትንሽ ፊኛ መንፋት ነው። ካስፈለገም እንዳይመለስ የሽቦ ወንፊት እንተውበታለን። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ቶሎ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሁለተኛው ከአንገትሽ ሥር ካለው አጥንት በላይ፣ እዚህ ጋ ከፍተን፣ ጤነኛ ከሆነው የአንገትሽ ደም ሥር ወደ ክንድሽ አዲስ መንገድ መዘርጋት ነው። እሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ አለው፣ ሆስፒታል መተኛት አለው፣ ሳምንታት ዕቃ አለማንሳት አለው። መድማት ሊኖር ይችላል፣ ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ የአንገት ደም ሥር ስለሆነም ለአንጎል የሚያሰጋ ነገር አለው። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ግን አይደርስም ብዬ አልዋሽሽም።»

«ታዲያ ፊኛው እያለ ይሄን ማን ይመርጣል?» አለ አናጢው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። የእሷ ጥበት ረጅም ነው። በዚህ በሽታ ደግሞ እንዲህ ያለ ረጅም ጥበት በፊኛ ቢከፈትም ተመልሶ መጥበብ ይወዳል። እንደገና መንፋት ይቻላል፣ ግን እየተመላለሱ ነው። አዲሱ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል።»

ፀጉር ሠሪዋ አሰብ አደረገች። «ፊኛው እንደ ፎን ነው ማለት ነው» አለች። «ቀጥ ብሎ ያምራል፤ ጉም የነካው ቀን ይመለሳል።»

ሐኪሙ መላጣቸውን ዳሰሱ። «ስለ ፀጉር እኔን ከመጠየቅ ሌላ ሰው ብትጠይቂ ይሻላል» አሉ።

አስባ እንድትመጣ አሰናበቷት። ሰፈር ውስጥ ግን ያሰበችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ሬዲዮ ወሬውን ስትሰማ ጉንጉኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጇ ለቀቀች።

«ፊኛ ነው እንጂ» አለች። «ልደት ላይ የሚነፋ ነገር ምን ያስፈራል?»

ባንክ ቤት የምትሠራዋ ሴት ከወለሉ ወንበር ላይ ሆና «ቤት ሲያፈስ አንዴ ጣራውን ቀይሮ መገላገል ነው» አለች። «በየክረምቱ ባልዲ መደቀን ምን ይሉታል?»

ልጅቱን የምትጠብቅላት እናቷ ግን ስለ ጣራም ስለ ባልዲም መስማት አልፈለገችም። «አንገትሽን?» አለች። «አንገትሽን ይከፍታሉ? ልጄ፣ ፊኛውን ውሰጂ። ከጠበበ እንደገና ይንፉልሽ። እኔ ልጅሽን ለማሳደግ ጉልበት የለኝም፤ አንቺ ነሽ የምታሳድጊያት።»

ፀጉር ሠሪዋን የከበዳት ይህ ነው። ሰው የሚላትን ሁሉ ስትሰማ ሁሉም ልክ ይሆንባታል። ፊኛው ቶሎ ወደ ልጇ ይመልሳታል። ቀዶው እጇን ይመልስላታል፣ ግን አደጋው ከፍ ይላል። ጨነቃትና በቀጠሮዋ ቀን ለሐኪሙ ያላት ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ።

«እህትዎ ብሆን የትኛውን ያደርጉልኝ ነበር?»

«እህቴ አስተማሪ ናት» አሉ። «በቀኟ ትጽፋለች፣ ግራዋን ኪሷ ከትታ ቀኑን ሙሉ መዋል ትችላለች። እሷን ምናልባት ምንም አልነካትም ነበር። ኩላሊቱ ጋ አጭር ጥበት ላለው ሰው ፊኛውን እሰጣለሁ። ስለዚህ እኔም አንቺን ልጠይቅሽ። እጅሽን ለምን ትፈልጊዋለሽ?»

ፀጉር ሠሪዋ መልሱን ለማግኘት አልተቸገረችም። ከፊቷ ምናባዊ ጭንቅላት ያለ ይመስል ሁለት እጇን አነሳች። በግራዋ ሰበሰበች፣ በቀኟ ጠቀለለች፣ አናቱ ላይ አዞረች። ግራዋ ሲዝል አየችው፤ አላወረደችውም፣ ራሱ ወረደ።

«ይሄን ለመሥራት» አለች። «አንድ ቀን ብቻ አይደለም። እስካረጅ ድረስ።»

«እንግዲያው የምትፈልጊውን ታውቂዋለሽ» አሉ ሐኪሙ።

«አዲሱን መንገድ» አለች።

ለእናቷ የነገረቻት እሷው ራሷ ናት። እናቷ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ሻይ አፈላች፣ ሻዩን ሳትጠጣ ተወችው፣ በመጨረሻ «ነጭ ሸሚዝሽን አልሰጥሽም፣ ደም አይለቅም» ብላ ሻንጣዋን አዘጋጀችላት።

ሆስፒታሉ ውስጥ አጠገቧ የተኛችው ወጣት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ተመሳሳይ በሽታ አላት፤ የጠበበው ግን የኩላሊቷ ደም ሥር ነው፣ ጥበቱም አጭር። እሷ ፊኛውን ጠዋት ተሠራች፣ በማግስቱ ፖም እየገመጠች ቻው አለቻቸው። ፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ቀናች። «የእሷ ልኳ ነው» አለችና ተራዋን ጠበቀች።

ቀዶው ረዘም አለ። ውጭ አናጢውና ሬዲዮ አብረው ተቀመጡ። ሬዲዮ ያን ዕለት አንድ ቃል አልወጣትም፤ አናጢው በኋላ ሲናገር ከቀዶው ይልቅ የእሷ ዝምታ እንዳስፈራው አወራ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጡና ጭንብላቸውን አወረዱ። «ደሙ ገብቷል» አሉ። ሬዲዮ መናገር ጀመረች፤ እስከ ታክሲው ድረስም አላቆመችም።

ፀጉር ሠሪዋ ስትነቃ ባሏ ግራ እጇን ይዞ ነበር።

«ምነው ጨመቅከው?» አለችው፣ ምላሷ ገና እየተንቀረፈፈ።

«ሞቋል» አላት። «አንቺ ቅዝቃዜውን ስለለመድሽ አይታወቅሽም። ሞቋል።»

ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ቀስ ያለ ነገር ነው። አንገቷ ሥር ያለው ቁስል ሲድን ትንሽ ቀጭን መስመር ቀረ። ልጇን ለመሸከም የተፈቀደላት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ልጅቱ ጭኗ ላይ ወጥታ ትቀመጥና «እማ፣ እጅሽ መቼ ይነቃል?» ትላት ነበር። ኪኒኑ አልቀረም፤ ወጣቷ ሐኪም መጠኑን እየቀነሰችላት ነው፣ በሽታው ግን እንደገና ሊቆጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ፊቷ ወደ ድሮው ቅርጹ ሲመለስ ደንበኞቿ «ከሳሽሳ፣ ምን ሆንሽ?» ማለት ጀመሩ። ሬዲዮም «ባሏ ምግብ አቆመ» ትላቸዋለች። ለምርመራ በሄደች ቁጥር የሐኪሟን ፀጉር ትመለከታለች፤ አንድ ቀን «ዶክተር፣ እንዲያው ሳይከፋሽ» ብላ ጀመረች፣ ሐኪሟም ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘች።

ሥራ ከጀመረች በኋላ አንድ ጧት፣ ፀጉር ቤት ከመሄዷ በፊት፣ ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ልጅቱ ጫማዋን ከአልጋ ሥር እየፈለገች ነው። ባሏ ሻይ ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ፀጉር ሠሪዋ በአፏ መርፌዎች ይዛ ሁለት እጇን አንስታ የራሷን ፀጉር አናቷ ላይ ትጠቀልላለች። አንዱ ዙር ጠመመባት፣ ፈታችው፣ እንደገና ጀመረች። የግራዋን ሁኔታ ለማየትም አላሰበችም።

«ሻዩ ቀዘቀዘ» አላት ባሏ።

«ቆይ» አለችው መርፌዎቹን እንደያዘች። «ከኋላ በኩል አልተስተካከለልኝም።»